የመጭመቂያው ምስክር

ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር ሰኞን አምርሬ እጠላው ነበር። አንሶላ ስትጨምቅ የእናቴ የእጅ አንጓ ከተበላሸ ወዲህ የሰባት ሰው ልብስ በእኔ ክንድ ላይ ወደቀ። ሁለት ክረምት ለፍቼ ከሁለት ድቡልቡል እንጨትና ከአንድ እጀታ፣ ልብሱን በመሃል እያስገባ የሚጨምቅ መጭመቂያ ፈጠርኩ።

የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለሚሰጠው የዋሽንግተን ቢሮ የሚላከውን ትንሽ ሞዴል የሠራልኝ የመንደራችን አናጺ አሳፍ ነው።

«ኬዝያ፣ ይሄ ነገር እኮ የባል አንገትም ይጨምቃል!»

«መጀመሪያ ባሉ ይገኝ!»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እወደው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ሞዴሉ እንዳለቀ አባቴ የታመመች አክስቴን እንዳስታምም ሌላ ከተማ ላከኝ። ስመለስ የፈጠራ መብት ወረቀቱ መጥቶ ጠበቀኝ። ፈጣሪ፦ ኢኖስ ዊትኮም ይላል። አባቴ ነው። ከሥሩ በምስክርነት የፈረመው ደግሞ አሳፍ።

«ነገ ስታገቢ ንብረትሽ ሁሉ የባልሽ ነው» አለ አባቴ፣ ሾርባውን እየጠጣ። «ከባዕድ እኔ አልሻልም?»

ወደ አሳፍ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«የእኔን ሥራ የኔ ነው ብሎ ሲምል አጠገቡ ቆመህ ፈረምክለት!»

«አባትሽ ‹የኬዝያ ወረቀት ነው፣ ምስክር ጎደለ› አለኝ።»

«አላነበብከውም? ከአክስቴ ቤት የጻፍኩልህ ደብዳቤስ አልደረሰህም?»

መላጊያውን አስቀምጦ ደብዳቤዬን ከደረት ኪሱ አወጣ። ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ ጠርዙ አልቋል።

«ከስሜ በቀር ፊደል አላውቅም። ያልነገርኩሽ እንዳትንቂኝ ፈርቼ ነው። እያወጣሁ አየው ነበር፤ ያንቺ እጅ የጻፈው ነዋ።»

ላቅፈውም ልመታውም ፈለግሁ።

«አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። «ውድ አሳፍ፣ አባቴ ያራቀኝ ለተንኮል ይመስለኛል። ወረቀት ይዞ ቢመጣ አደራህን እንዳትፈርም።» አሳፍ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር ቀርቷል፦ «ለጋብቻ ብትጠይቀኝ እሺ እልሃለሁ።» ይህችን ግን ንዴቴ ይዞኝ አላነበብኩለትም።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ» አልኩና ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ።

በጸደይ አሳፍ ጓዙን ሸክፎ ወደ ምዕራብ ሲሄድ በራችን ላይ ቆመ። ንዴቴ በርዶ ነበርና አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ብዬ ጠበቅሁ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ደህና ሁኚ» አለኝና ሄደ። እሺ እንደምለው በምን ያውቃል?