ዴቦራ የዘለለችው ዓረፍተ ነገር

«ንገሪው እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ዶክተር ሮኒት።

ዴቦራ ቃል እየፈለገች ነበር። ዕብራይስጡ አልጠፋትም፤ የጠፋት አማርኛው ነው። ሆርሞን የሚባለውን ነገር ለአባቷ ለዘገዬ ምን ብላ ታስረዳው? ከስምንት ወር በፊት ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲያስር የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን መታው። ቁስሉ ድኗል። ሰውየው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በነሐሴ ሙቀት ሹራብ ይደርባል፤ ከሶፋው ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል፤ ሰንበት ማታ ባሕር ዳር መውጣቱን ትቷል። ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራቸው «ዘገዬ ሥራ ጠላ» መባል ተጀምሯል።

«አባ፣ ከአንጎልህ ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር አለች» አለች ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ። «በደም ውስጥ መልእክተኞች እየላከች ሰውነትን ታዛለች። ምቱ ጎድቷት ይሆናል። መልእክተኞቹ መኖር አለመኖራቸው የሚታወቀው ደምህ ሲመረመር ነው። የሚበዙት በማለዳ ስለሆነ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ትመጣለህ።»

«ደም?» አለ ዘገዬ።

«ትንሽ ነው። ሁለት ብልቃጥ።»

ዶክተሯ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ይህን ደግሞ በደንብ ንገሪው። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ጎድሎት ከሆነ፣ ተራ ጉንፋን እንኳ ራሱን አስቶ ሊጥለው ይችላል። ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በዚህ ሳምንት ይምጣ።»

ዴቦራ አባቷን አየችው። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቆልፏል። ከኢትዮጵያ በመጡት በእነሱ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲህ ፊት ለፊት አይወረወርም። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለገዛ አባቷ «ልትሞት ትችላለህ» ትላለች?

«ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነው ትላለች» አለችው።

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ በያት።»

«በሴደር ይላል» ብላ ተረጎመች፤ ተስማማ ማለቷ ነው። ያ እሺ ግን የመስማማት እሺ እንዳልነበር ገብቷታል። ከሰው ቤት በሰላም ለመውጣት የሚባል እሺ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዘገዬ ምርመራውን አላነሳም። አንድ ቀን እራት ላይ እናቷ ሸጋዬ፣ «የደሙ ነገር ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ነው አሉ» አለ ዘገዬ። ከዚያ ዓይኑ ዴቦራ ላይ አረፈ። ዴቦራ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ጓደኛዋ ይስራኤላ ክንዷን ጎሸም አደረገቻት። «ምን ሆነሽ፣ ናሻማ፣ ነፍሴ? ፊትሽ ፈተና የወደቀ ሰው ይመስላል።»

«ለአባቴ ስተረጉም አንድ ነገር ዘለልኩ።»

«እና? እኔ ለአያቴ የምተረጉመውን ብትሰሚ! ዶክተሩ ‹ስኳር ክልክል ነው› ሲል፣ እኔ ‹ቀነስ ያድርጉ ይላል› እላቸዋለሁ። ካለዚያ ያኮርፉኛላ!»

ዴቦራ ሳቀች። «አሁንስ እንዴት ናቸው?»

«እግራቸውን ያማቸዋል» አለች ይስራኤላ። ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ የጫማዋን ጫፍ ታይ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ዴቦራ በሩን ስትከፍት ሳል ተቀበላት። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ሊዮር ከመዋዕለ ሕፃናት ጉንፋን ይዞ መጥቷል። አባቷ ደረቱ ላይ አስተኝቶት፣ ሹራቡን አልብሶት፣ ጀርባውን ይደባብሰዋል። ልጁ ባሳለ ቁጥር ትንፋሹ የአባቱ አንገት ላይ ያርፋል።

«አባ፣ አውርደው።»

«ምነው? አሞታል እኮ።»

«ለዚያ ነው የምልህ! ዶክተሯ ካለችው ውስጥ ያልነገርኩህ አለ። ያ ነገር ደምህ ውስጥ ጎድሎ ከሆነ፣ ጉንፋን ብቻ ሊጥልህ ይችላል። ለሕይወቱ ያሰጋዋል ነው ያለችው። እንዲያ ነው ያለችው።»

ዘገዬ ልጁን በቀስታ አንስቶ ሶፋው ላይ አስተኛው።

«ሦስት ሳምንት?» አለ። «ሦስት ሳምንት ይህን በሆድሽ ይዘሽ ከእኔ ጋር እራት ትበያለሽ?»

«ፈራሁ።»

«ለእኔ ነው የፈራሽው፣ ወይስ እኔን?»

«ሁለቱንም። አንተስ? ለእማ ደህና ነው አሉ ብለህ የለም ወይ?»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«በፈረንጆቹ ከዘጠና ስድስት በፊት ነው» አለ። «እዚህ ጦር ውስጥ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ደም ሰጠሁ። የአንዱን ነፍስ ያተርፋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ የእኛን የኢትዮጵያውያኑን ደም፣ በሽታ ይኖርበታል ብለው፣ እየለዩ ይደፉት እንደነበር በሬዲዮ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ወድጄ ክንዴን ለመርፌ ሰጥቼ አላውቅም። ሆስፒታል ደሜን የወሰዱትም ራሴን ስቼ ሳለ ነው።»

«ያኛው ለሌላ ሰው ነበር። ይህ ለራስህ ነው።»

«ደሙ ያው ደም ነው» አለ ዘገዬ።

በነጋታው ዴቦራ ስትነሳ አባቷ ጫማውን አስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቁርስ አልነካም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትታ አብራው ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ነርሷ ኦርሊ ጓንቷን አጠለቀች። ክንዱን በላስቲክ አሰረች፤ መርፌውን አነሳች። ያን ጊዜ ዘገዬ ክንዱን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«ጠይቂልኝ» አለ ለልጁ። «ደማችንን ደፍታችሁታል። ይህንንስ የት ነው የምትደፉት? በያት።»

ነርሷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ከበሩ ውጭ ተራ የያዙ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ዴቦራ አፍ ውስጥ ለስላሳው ጥያቄ በራሱ መጣ፤ «ናሙናው ወዴት ይላካል ይላል።» ማንንም የማያስቀይም፣ ጨዋ ጥያቄ ነበር። ዋጠችው።

«አባቴ እንዲህ ነው የሚለው» አለች በዕብራይስጥ። ከዚያ ቃል በቃል፣ ቁጣውን ሳትቀንስ ነገረቻት። «ደፍታችሁታል» የሚለውንም አልዘለለችውም።

የነርሷ ፈገግታ ጠፋ። መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠች፤ ላስቲኩን ከክንዱ ፈታች። ወንበሯንም ወደ ዴቦራ ሳይሆን ወደ ዘገዬ አስጠጋች።

ዴቦራ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ መልሱን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እንዳለ ለማድረስ።