የዘገየው ስረዛ

ከዳሎል ጨው ሥር በተቆፈረችው ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «አየር ደረሳችሁ?» ይባባላል። አየሩን ለየቤቱ የሚያድለው ነዋሪው «እስትንፋሴ» የሚለው ማሽን ነው። የታዘዘውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል።

ዐቃቤ ሕግ ትርሲት መዝገቡን የከፈተችው አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፤ የአየር ቴክኒሻኑ ደጀኔ እሱን ከአለቅነት ያስነሳውን ባልደረባውን ግዛውን አስቦና ተዘጋጅቶ መግደሉን ለማስረዳት። ለማግኘት አልተቸገረችም። ደጀኔ ከግድያው ሦስት ቀን በፊት፣ የሌሊት ተረኛው ግዛው በሚተኛበት ሰዓት፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ላይ የክፍሉ አየር እንዲዘጋ አዟል። የማስጠንቀቂያ ደወሉንም አጥፍቷል።

መዝገቡን ልትዘጋ ስትል፣ ግዛው ከሞተ ከሁለት ሰዓት በኋላ የገባ መልእክት አየች። «ትእዛዙ ይሰረዝ» ይላል። ደጀኔ የላከው ግን በዚያው ቀን ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጨው የበላው መስመር ስድስት ሰዓት ሙሉ ይዞት ቆይቷል።

የተከሳሹ ጠበቃ ይህን አላየም። ትርሲት ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተችና የትእዛዙንም የስረዛውንም ወረቀት ለችሎቱ አቀረበች።

ዳኛዋ ወደ ደጀኔ ዞሩ። «ስረዛው መድረሱን ማሽኑ አረጋገጠልህ?»

«አላረጋገጠልኝም፣ ክብርት ዳኛ። ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ስጠብቅ ነበር።»

«የሟች ክፍል ከአንተ ምን ያህል ይርቃል?»

«ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ሄደህ ለምን አልቀሰቀስከውም?»

ደጀኔ አንገቱን ደፋ። «አፈርኩ። ‹ምን ሆነህ መጣህ?› ቢለኝ ምን እላለሁ? ማሽኑ ሰው ሳያውቅ ያጠፋልኛል ብዬ ነው።»

አስቦ መግደሉም መጸጸቱም ተረጋገጠ። በሞት ፈንታ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ትርሲት ከችሎቱ ስትወጣ የግዛውን እናት እማማ ዘነቡን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ይቀየሙኛል ብላ ፈርታ ነበር።

«ይቅርታ፣ እማማ። የስረዛውን ወረቀት ማቅረብ ነበረብኝ።»

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ቀጥለውም «ግዛው እኮ ቂም አያውቅም» አሉ። «ደጀኔ መጥቶ ‹ልገድልህ ነበር፣ ተነሥ› ቢለው፣ ‹ግባ፣ ቁጭ በል› ነበር የሚለው።»