ቢጫው ጀሪካን

ዲቦራ እጇን ወደ ዳቦው ስትሰድ እናቷ ድንቅቱ ቀድማ ሳህኑን ሸፈነችው።

«አንቺ ቆዪ። ስንመለስ ትበያለሽ።»

«ከየት ስንመለስ?»

ድንቅቱ ለዲቦራ ታናሽ እህት ለምኞት ሌላ ቁራሽ ቆርሳ የለውዝ ቅቤ ቀባችላት። ከሥራቸው ቤቱ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። በባዶ በርሜሎች ላይ በቀርከሃ የተሠራ፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር በገመድ የታሰረ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እዚህ እናድራለን ያላት አባቷ ሚልኪያስ ነበር። ዲቦራና ጓደኛዋ ሃቦኔ አምቦ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስልክ ላይ ተደፍተው፣ ሞቃት ባሕር ላይ የተሠሩ ቤቶችን ሲያዩ ነው የከረሙት፤ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ በቀጥታ ውሃ ውስጥ የሚዘልባቸውን። አባቷ ይህን ያውቃል። «የኛው ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ይንሳፈፋል» አላት። «ደግሞ ሰባተኛ ወጥተሻል፤ ይገባሻል።» ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ማልዲቭ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ነጠላ ጫማ ያዝሽ?» እያሉ ሙድ ሲይዙባት እንኳ ግድ አልሰጣትም።

ትናንት ማታ እናቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። የምኞትን ቁርጭምጭሚት በነጠላዋ ጫፍ ከራሷ ክንድ ጋር አስራ ነበር። «ተንከባላ ብትወድቅስ?» አለች። ዲቦራና አባቷ ትራስ ውስጥ ተደብቀው ሳቁ።

አሁን የዲቦራ ዓይን አልጋው ሥር ወዳለው ቢጫ ጀሪካን ሄደ። ሲጫን እናቷ «ለመጠጥ ውሃ ነው» ብላት ነበር። ግን የመጣው ባዶውን ነው። ማዶ፣ ደሴቱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጠበል የሚጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ እንደሚሄድ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

«ጠበል ልትወስዱኝ ነው?»

ምኞት ብቻ ማኘኳን ቀጠለች።

«ልብሽ ያለ ምክንያት ይመታል አሉ» አለች ድንቅቱ ቀስ ብላ። «ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብተሽ መተንፈስ ያቅትሻል አሉ። እጅሽ ይንቀጠቀጣል አሉ።»

«ማን አለ?»

ጠየቀች እንጂ ታውቃለች። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሃቦኔም «እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገር» ብላ ምላ ነበር።

«አትቀየሚያት፤ ላንቺ ብላ ነው። የጎረቤቶቻችን የነወለተማርያም ልጅ እንዲሁ ነበር የጀመራት። ያልፍላታል እያሉ ቆዩ፣ ይኸው አሁን ከቤት አትወጣም።»

ዲቦራ ወደ አባቷ ዞረች። ሚልኪያስ የሻይ ብርጭቆውን ያሽከረክራል።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«ዕረፍትም ነው እኮ፣ ዲቦ። ሁለቱም ነው።»

«ታዲያ አንዱን ብቻ ለምን ነገርከኝ?»

«ብነግርሽ አትመጪም ነበር።»

«ጠይቀኸኛል?»

ዲቦራ ወደ በረንዳው ወጣች። ትናንት ለሃቦኔ የላከችው የቤቱ ፎቶ ኔትወርክ አጥቶ ስልኳ ላይ እስካሁን ይሽከረከራል። ከሱ በላይ፣ መንገድ ላይ ሳሉ የደረሳት የሃቦኔ መልእክት አለ፦ «እውነት ይንሳፈፋል? ቅናት ሊገድለኝ ነው።» ሃቦኔ ለዲቦራ እናት ሁሉን ተናግራ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ አብራት ስትስቅ ከርማለች። ፎቶውን ሰረዘችው።

የሐይቁ ጀልበኛ ኦቦ ቀጀላ ጀልባቸውን እየቀዘፉ መጡ። «አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! ማን ማን ነው የሚሻገረው?»

ድንቅቱ ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወጣች። ሚልኪያስ ከኋላዋ፣ «ካልፈለገች ትቅር፤ አትጎትቻት» አለ።

«እሺ። ብቻዬን ቀድቼላት እመጣለሁ።»

አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አሳረፈች፤ ጀልባው ሲያጋድል መለሰችው። ደግማ ሞከረች፤ ደግማ መለሰችው። ሚኒባስ የጉደርን ድልድይ ሲያቋርጥ እንኳ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት።

«ሱታ፣ አዴ ድንቅቱ፣ ቀስ ይበሉ» አሉ ኦቦ ቀጀላ። «ጀልባዋ አትናከስም።»

ዲቦራ ፊቷን አዞረች። በበሩ በኩል ጠረጴዛው ይታያል። የእናቷ ሻይ እስከ አፉ ሞልቶ ቀዝቅዟል፤ አጠገቡ ያለው ሳህን ደግሞ ንጹሕ ነው። እሷም አልበላችም።

ንዴቷ አልበረደም። ቢሆንም ጀሪካኑን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ጀልባው ውስጥ ወረወረችው። ቀድማ ገባችና እጇን ዘረጋች።

«እጠጣለሁ አላልኩም» አለች።

«እሺ።»

ፊት ለፊት ተቀመጡ። ድንቅቱ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ከበረንዳው እጁን አወዛወዘ፤ ዲቦራ ግን አልመለሰችለትም። ቤቱ ትንሽ እስኪሆን ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ ዓይንሽን ግለጪ።»

ገለጠች።

«ሃቦኔ የነገረችሽን ተዪው። አታቋርጪኝ ብቻ። የጀመረኝ ኅዳር ላይ ነው፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር…»