የዶይል ፖንቲያክ ጨው ነክቷት ነበር

ስሙኝማ... ይሄ ተረት አይደለም። በራሴ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

እሁድ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሚሺጋን ውስጥ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለው የእንጨት ጋራዥ። ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል።

ጋራዡ ውስጥ የሟች ወንድሜ የዶይል መኪና አለች። ጥቁር ፖንቲያክ ጂቲኦ። በወጣትነታችን ሁለታችንም እሷ የተሠራችበት ፋብሪካ ውስጥ ሠርተናል። ፖንቲያክ የሚባል መኪና መሠራቱ ከቀረ ግን ቆየ።

"እነሱ ቢተዋትም እኛ አንተዋትም" ይል ነበር ዶይል።

በበጋ እሁድ እሁድ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያቺ ወንበር ብቻ ነበረችኝ።

ቅጠል ሲረግፍ ሞተ። ብቻዬን ቀረሁ።

እኛ ጋ በክረምት እንዲህ ያለች መኪና ከጋራዥ አትወጣም። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ ባትሪዋን ፈትቼ ወጥ ቤት አስቀምጫለሁ። አይጥ እንዳይገባባት ጭስ ማውጫዋን በጨርቅ ወትፌአለሁ። ሸራም አልብሻታለሁ።

የዚያን ቀን ሸራውን ገለጥ አደረግኩት...

ጎማዎቿ እርጥብ ናቸው።

በሮቿ ላይ ነጭ ጨው ደርቋል።

ኮፈኗን ነካሁት... ይሞቃል።

ዞሬ ጭስ ማውጫዋን አየሁ። ጨርቁ እንደተወተፈ ነው። ደጅ በረዶው ላይም የእኔ እግር እንጂ የጎማ ዱካ የለም።

ስልኬ ጮኸ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ማርቫ ናት።

"አንተ ቨርን፣ አበድክ እንዴ? በዚህ ጨው ታወጣታለህ? ዶይል ቢያይህ ከመቃብር ተነሥቶ ይገርፍህ ነበር!"

"መቼ አየሽኝ?"

"አሁን ነዋ! በደጄ ሽው ብለህ አለፍክ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ ጉረኛ!"

"ማርቫ... እኔ የትም አልሄድኩም።"



"ታዲያ ማን ነዳት?" አለች በሹክሹክታ።

ቀጭ...

የመኪናዋ በር ተከፈተ። በእኔ ወንበር በኩል ያለው።

"ና ግባ።"

የዶይል ድምፅ ነበር።

"ዶይል?"

"ግባ እንጂ። ብቻዬን ደበረኝ።"

እውነቱን ልንገራችሁ... መግባት አማረኝ። በጣም ናፍቆኝ ነበር። እጄ በሩን ይዟል፣ አንድ እግሬን አንሥቻለሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ማንም የለም።

መሪው ግን ቀስ ብሎ ይዞራል...

ስልኬን ጥዬ ሮጥኩ።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ብገባ ከእሱ ጋር ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ባልገባ ደግሞ ከዚህ ባዶ ቤት ጋር ነኝ። ፈራሁና ሸጥኳት።

ኬንት የሚባል የአሮጌ መኪና ነጋዴ በማግስቱ ቀትር ላይ ተጎታች ይዞ መጣ።

"ሰውዬ፣ ሰው ልጁን ይሰጣል እንጂ እንዲህ ያለችውን ይሰጣል?" አለኝ እየሳቀ።

"ውሰዳት። አሁኑኑ።"

ባዶዋን ተጎታቹ ላይ ጫናት። በሮቿን በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን ሰጠሁት። ከፊት ያለው የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ መጎተት ጀመረ።

ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ ቀና ብዬ አየሁ...

በፖንቲያኳ የኋላ መስኮት ሁለት ጭንቅላት ይታያል።

መሪው ጋ ያለው ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል።

ከጎኑ ያለው ግን ቀስ ብሎ ዞረ...

እኔ ነኝ።

ፈገግ ብሏል። እኔ ዶይል ከሞተ ወዲህ ፈገግ ብዬ አላውቅም።

"ጠብቁኝ!" ብዬ ጮህኩ። በረዶው ውስጥ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ሮጥኩ። "ዶይል! ጠብቀኝ!"

እዚያ የተቀመጠው እኔ... እጁን አነሣና ተሰናበተኝ።