ያልተበላው እግረኛ

አሰግድ ሰሞኑን ሥራው የአባቱን ልብስ እያጣጠፈ መለየት ነበር። ጠዋት ይነሳል፣ እህቱ ምንትዋብ ያቀረበችለትን ቁርስ ቆሞ ይጎራርሳል፣ ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ ካፖርቱን ለብቻ፣ ጋቢውን ለብቻ፣ ለማንም የማይሆነውን ለብቻ ይከምራል። ውጭ የጎንደር ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሳያቋርጥ ይቀጠቅጠዋል፣ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ገና ከምሳ በኋላ ቤቱ በጨለማ ተሞልቶ እርጥብ ግድግዳና የቆየ ሱፍ ይሸታል። የአባቱ ቀብር ላይ አልተገኘም። ለተዝካሩ የመጣውም ሰው እንዳያማኝ ብሎ ነው።

ምክንያት አለዋ! አባቱ አቶ ቢሻው የድሮውን ሰንጠረዥ፣ ያገራችንን ቼዝ፣ አሳምረው ከሚያውቁት የከተማው ሽማግሌዎች የመጨረሻው ነበሩ። ልጃቸው አሰግድ ደግሞ ባሕር ዳር ሒሳብ የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹን በቼዝ እያሠለጠነ ትምህርት ቤቱን በዋንጫ ያንበሸበሸ ሰው ነው። ሌላ አባት ቢሆን ደረቱን ይነፋ ነበር። እሳቸው ግን አንድ የጥምቀት ማግስት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አሰግድ ብልህ ነው፤ ግን መስጠት አያውቅም። አንድ እግረኛ ወታደር መስጠት የሚያቅተው ምን ተጫዋች ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሰግድ ስልካቸውን አላነሳም፤ ታመሙ ሲባል ሌላ ወሬ አነሳ፤ ሞቱ ሲባል እንኳ ንዴቱ አልወጣለትም።

በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ሰንጠረዡ እንደተዘረጋ ነበር። ዱካ ላይ የተነጠፈ ቀይ ጨርቅ፣ ጥቁር ገመድ እየተሰፋበት በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ፤ በአባቱ መቀመጫ በኩል ከቀንድ የተሠሩት ነጮቹ፣ ከወዲያ ማዶ ከወይራ የተጠረቡት ጥቁሮቹ። ማዶ ለተጫዋች የተነጠፈ አጎዛ አለ።

«አትንካው» አለችው ምንትዋብ፣ ከበሩ ሳታልፍ። «አባባ እንዳለ ተዉት ብለው ነው ያረፉት።»

«ሞተውም ያዛሉ?» አለ አሰግድ። ደሙ ፈላ። ገብቶ በአባቱ ቦታ ቁጭ አለ።

አንድም የተበላ የለም። ከሁለቱም ወገን ሁሉም በሕይወት አለ፤ ጥቁሮቹ ግን ተጠጋግተው መጥተው የነጩን ንጉሥ ሊያፍኑት ተቃርበዋል። ይህ ጨዋታ አይደለም፣ እንቆቅልሽ ነው አለ በልቡ፤ ሽማግሌው ሆን ብለው ለኔ ነው የተዉት፣ መስጠት ካወቅህ ፍታው ሊሉኝ ነው። እውነትም መዳኛው አንድ ብቻ ነበር፦ አንድ እግረኛ ወደፊት ገፍቶ ለጥቁር ማስበላት፣ በተከፈተው ቀዳዳ ፈረሱን አዝልሎ የጥቁሩን ንጉሥ መያዝ። ግን የትኛውን እግረኛ? አንዱን ሲያሰላ ፈረሱ መንገድ ያጣል፤ ሌላውን ሲያሰላ የገዛ ንጉሡ ይጋለጣል። ልብሱንም ሳጥኑንም ተወው። ይህን ሳልፈታ ከዚህ ቤት ብወጣ ያ ሳቅ እስከ መቃብሬ ይከተለኛል ብሎ ማለ።

በማግስቱ ሲገባ የጥቁሩ ፈረስ ትናንት የነበረበት ቦታ አልነበረም።

«እቴ ምንትዋብ! ማን ነው የነካው?»

«እኔ ያን ክፍል ካረፉ ወዲህ ረግጬው አላውቅም» አለች እህቱ ከማድቤት።

«ታዲያ ጅብ ነው የነካው?»

ስምንት ዓመት ታላቁ ናት፤ ለቁጣው መልስ መስጠት ካቆመች ቆይታለች። አሰግድ እያጉረመረመ ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመረ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሽታውን ያስተዋለው፦ ብዙ ዘመን ሳይነሳ የቆየ ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ የሚወጣው ዓይነት፣ ቀዝቃዛ፣ የአፈር ሽታ፤ የሚመጣውም ከመስኮቱ ሳይሆን ከማዶው አጎዛ በኩል ነበር። ዝናብ ያገኘው ቆዳ ነው ብሎ ተወው። ጣሪያው ግን አያፈስም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት እግረኞች ቀርበው ጠበቁት። ከዚያ በኋላ ድምፁን መስማት ጀመረ፤ ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ በግድግዳው ማዶ፣ ሰው ሲኒውን በጥንቃቄ ምንጣፍ ላይ እንደሚያስቀምጥ ያለ ለስላሳ ዱብታ፣ ቆየት ብሎ ሌላ ዱብታ። ዘሎ ሲገባ ማንም የለም። ጥቁሮቹ ግን ቀርበዋል፤ የአጎዛውም ጸጉር አንድ ከባድ ነገር እንደተቀመጠበት ተደፍጥጦ ቆይቶ፣ እሱ እያየው፣ ቀስ በቀስ ይነሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ጫማውን እንኳ ሳያስር ከቤቱ ይወጣ ነበር። አሰግድ ግን ፍርሃቱን ሳይቀር ወደ ቁጣ የሚለውጥ ሰው ነው፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ማን ንቆኝ ነው በተራዬ የሚጫወተው ብሎ ጨርቁን በቡጢ መታው።

ምንትዋብን በሩ ላይ ጠርቶ አፋጠጣት። «አባባ ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት?»

«ከሰዓት ከሰዓት ገብተው ይዘጉ ነበር» አለች ዓይኗን ወደ ውስጥ ሳትልክ። «ሰው ሲገባም ሲወጣም አላየሁም። ብቻ እጃቸው ሲፈጥን ይሰማኛል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ያለ ፋታ። ሲወጡ ላብ በላብ ሆነው ነው። አሁንስ ተወው አሰግዴ፣ ስሞትልህ።»

ያለ ፋታ! አሰግድ ግንባሩን ጠፈጠፈ። በድሮው ሰንጠረዥ እኮ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንድ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እጁ እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳል፤ ወረራ ይሉታል፤ ተራ በተራ መሆን የሚጀምረው የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው። ልጅ ሆኖ አባቱ ነግረውታል፤ እሱ ግን ዕድሜውን ተራ የሚጠበቅበትን ቼዝ ሲጫወት ኖሮ፣ ተራው የኔ ነው ብሎ አገጩን በእጁ ደግፎ ሲያሰላ ከረመ። ማዶ ያለው ግን አልጠበቀውም። ሊጠብቀውም ግዴታ የለበትም። አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ አይቆምም።

መስጠቱ ለዚህ ነበር ለካ! አንድ እግረኛ ቢያስበላው ወረራው ያበቃል፣ ተራው ወደ ነጭ ይመጣል፣ ከዚያ ፈረሱ ይዘላል። የትኛው እንደሆነም ወዲያው ታየው፤ ከንጉሡ በስተግራ ያለው ነዋ! የቀሩት እግረኞች ሁሉ ከቦታቸው ወጥተዋል፣ እሱ ብቻ እንደ ተተከለ ነው፤ ቀንዱም ዕድሜ ልክ በአውራ ጣት ሲታሽ እንደኖረ ለስልሶ ያበራል። ይህን ያህል ዓመት ድሉ ከፊታቸው ተቀምጦ አላዩትም፤ እኔን ግን በሰው ፊት መሳቂያ አደረጉኝ።

ሰማዩ ይበልጥ ጠቆረ። የማዶው አጎዛ ዝቅ አለ፤ በዚህ ጊዜ ተመልሶ አልተነሳም። የአፈሩ ሽታ ከፊቱ፣ ከእጅ ርቀት፣ እንደ ትንፋሽ እየመጣ እየሄደ ነበር፤ ከጨርቁ ወዲያ ባለው ጥላ ውስጥም ጥፍር የሚመስል ነገር፣ ወይም የወይራው እንጨት ራሱ፣ ያዝ ለቀቅ አደረገ። አሰግድ ዓይኑን አላነሳም። እግረኛውን ይዞ ገፋው።

«እንካ!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ብላ!»

ምንም አልሆነም። እየመጣ እየሄደ የነበረው ትንፋሽ ቆመ። ማዶ ያለው ነገር ያመነ አይመስልም፤ ለዓመታት ሲለምነው የኖረውን ነገር ያለ ልመና ሲያቀርቡለት እንደሚያመነታ ሰው ዝም አለ። አሰግድ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ከዚያ ተፍቶ ተነሳና ወደ ማድቤት ሄደ። ይህን ድል ለሰው ሳይናገር ማደር አይችልም ነበር።

ምንትዋብ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«ሰጠሁት» አላት። «አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን ያቃታቸውን እኔ ሰጠሁት።»

«የቱን?»

«ከንጉሡ በስተግራ ያለውን። ሌላ ምን አለ!»

እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

«እሱን?» አለች። «አሰግዴ፣ እሱንማ አይሰጡትም ነበር። ያን እግረኛ አልሰጥም እያሉ ነው ለማንም ሲሸነፉ የኖሩት። ለምን አይሰጡትም ብላቸው፣ ይሄማ አሰግድ ነው፣ እሱን ሰጥቼ የማገኘው ድል ባፍንጫዬ ይውጣ አሉኝ። አንተንም መስጠት አያውቅም የሚሉህ በኔ ወጣ ለማለት ነበር፤ እየሳቁ፣ እየኮሩብህ። ስንቴ ልነግርህ ደወልኩ፣ መች ታነሳለህ?»

ያ ሁሉ ዓመት ያንገበገበው እሳት በአንዴ ጠፋና በቦታው ብርድ ገባ። አባባ ለማለት ፈለገ። እግረኛው ገና አልተበላም፣ ሮጬ ብመልሰው ብሎ ዞረ፤ አንድ እግሩን ከማድቤቱ ደፍ ሳያሳልፍ ከጓሮ ክፍል ያ ለስላሳ ዱብታ ተሰማ፣ ተከትሎም አንድ ትንሽ ነገር ከጨርቅ ላይ ተጎትቶ ሲነሳ።

ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላው የምስሩ ኮሽታ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፣ የተረጋጋ፣ ሐሳብ የሌለበት።

«እቴ ምንትዋብ» አለ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ቀና አለች፤ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለእንግዳ እንደሚነሱት ብድግ አለች፣ ፊቱንም በትሕትና ስታጤነው ቆይታ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው? አባቴን ከሆነ አርፈዋል፤ ከእኔ ሌላም ልጅ አልነበራቸውም» አለችው።