አየሩ ደህና ነው

ኮምፒውተር ጠጋኙ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ፣ ቀኝ እጁ ማውዙን እንደያዘ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ያለው ስክሪን እንደበራ ነው። በስክሪኑ አናት ላይ በተዘረጋው ቀጭን ፓነል ጥግ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች፤ ከጎኗ «አየሩ ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሰውዬውን የገደለው ግን አየሩ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ሲደርስ ሬሳው ተነስቶ በሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ይህን መርማሪ ባልደረቦቹ ቁንጫው ይሉታል፤ አንድ ቦታ ረግቶ ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም። ጥርሱን ሲያስነቅል እንኳ ሐኪሙ በክፍሉ ዙሪያ እየተከተለ ነው የነቀለለት እያሉ ያሙታል። ገና ከመኪናው ሳይወርድ አለቃው ደወለ።

«ያለቀ ነገር ነው» አለ አለቃው። «መብራት ጠፋ፣ የእህቱ ልጅ ጄኔሬተሩን አስነሳች፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ መጋጠሚያ ላልቶ ተገኘ። ቤቱንም ሱቁንም ለእሷ ተናዞላታል አሉ። ልጅቷ እጃችን ላይ ናት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። አንተ ፎቶህን አንሳና ና።»

«ፎቶውን አነሳለሁ» አለ ቁንጫው። «ና» የሚለው ሳይደገም ስልኩን ዘጋ።

ሱቁ ኮምፒውተር የሚጠገንበት፣ ማስታወቂያና ተለጣፊ የሚታተምበት ነው። የሟቹ ክፍል ከኋላ ነው። ሆዳቸው የተዘረገፈ ላፕቶፖች መደርደሪያውን ሞልተውታል፤ ከበሩ በላይ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ተሰቅላ ሽቦዋ እስከ ጠረጴዛው ይወርዳል። ቁንጫው ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ከክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ በጉልበቱ ተንበረከከ። የቱቦው ማጠበቂያ ብሎን ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት አለ። በንዝረት የላላ ብሎን አይጫርም። ይህን የፈታው እጅ ነው።

ደስ አላለውም። አደጋ ቢሆን ኖሮ ለልጅቷ ይሻላት ነበር።

ሬሳውን ያገኘው የጠጋኙ ሸሪክ ነው፤ ደረቱ እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ሐዘን ላይም ቀልድ የማያጣ ሰው።

«ሰው ቤቱን ያስጌጣል፣ እሱ ፓነሉን ያስጌጣል» አለ። «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ነው የሚጠቀመው፤ ለሁላችንም የጫነልን እሱ ነው። እኔ እንደተሰጠኝ እጠቀምበታለሁ። እሱ ግን ያንን ፓነል እንደ ሙሽራ ሲኩለው ይውላል። ሰዓቱን ከመሃል ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ መሃል። ኤክስቴንሽን የሚሏቸው ደግሞ አሉ፤ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ልብስ ላይ እንደ ኪስ ፓነሉ ላይ ትለጥፋቸዋለህ። አንዱ የባትሪ፣ አንዱ የዝናብ፣ አንዱ የአየር።»

«የአየሩ ምን ያደርጋል?»

«ከታመመ ወዲህ አፍንጫው አይሸትለትም ነበር። አጠገቡ ሽቦ ቢቃጠል አያውቅም። ስለዚህ ሴንሰሯን ሰቀለና ኤክስቴንሽኑን ራሱ ጻፈው። አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲበከል ቀይ። የእኔ አፍንጫ ስክሪን ላይ ነው ይለን ነበር።» ሸሪኩ ፈገግ ሊል ከጀለና ተወው። «አፍንጫው ዋሸው።»

«ኮምፒውተሩን ይቆልፈው ነበር?»

«እሱ? ሌባ ቢገባ ፓነሌን አይቶ ግራ ገብቶት ይወጣል ይላል። ያልነካካው ሰው የለም።»

ቁንጫው የሸሪኩን ላፕቶፕ ከፍቶ አየው። ፓነሉ ከተጫነ ጀምሮ ሰው ያልነካው ነው፤ ስክሪኑን አቧራ ሸፍኖታል።

የሱቁን ማስታወቂያዎች የምትሠራው ንድፍ አውጪ ቀጭን ሴት ናት፤ ምላሷ እንደምትቆርጥበት መቀስ ስለት አለው። አላለቀሰችም።

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር?» አላት።

«በየቀኑ። ሰሞኑን ሳይጠይቀኝ ፓነሌን ወደ ግራ አዞረብኝ። ለዓይንሽ ይሻላል ይለኛል። ስለ ዓይኔ እኔ አውቃለሁ፣ አንተ አፍንጫህን ፈልግ አልኩት።»

«እሱስ?»

«በማግስቱ ስገባ ወደ ቦታው መልሶልኛል። ምንም ሳይናገር።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ልጅቷ አልገደለችውም። ከፈለግክ ጻፈው፣ ካልፈለግክ ተወው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«መርማሪ፣ እባክዎ ልጅቷን አያስጨንቋት» አለ። «የእህቴም ልጅ አይደለችም እንዴ። እጇ አያርፍም እንጂ ክፉ አይደለችም። ያንን ቱቦ ስትነካካ ከዚህ በፊትም አይቻታለሁ፤ ተይ ብያታለሁ። አስባበት አይደለም።»

ቁንጫው ራሱን ነቀነቀ። እየደገፉ ወደ ገደል መውሰድ እንዲህ ነው አለ በልቡ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» ቀጠለ ወንድምየው። «ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ከኮምፒውተሩ ላውጣ። ትናንትም ጥበቃውን ለምኜው ከለከለኝ።»

«ስልክዎ ላይ የእሱ ፎቶ የለም?»

«አለ። ያኛው ግን ያምራል።»

«የትኛው?»

ወንድምየው ዓይኑን ወደ ክፍሉ በር ሰደደ። ከዚያ «አሁን ፎቶ መምረጥ ቀርቶ ስሜንም አላስታውስ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

የእሱ ላፕቶፕ ፓነል ያሸበረቀ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ቅጂ ይመስላል።

«ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው» አለ። «ከእጄ አይለይም። ሚስቴ እንኳ አትነካውም።»

ቁንጫው ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደ። ልጅቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች። ሲገባ የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተውታል? አጎቴ ያልጨረሰው ሥራ ነበር። ሴቭ ካልተደረገ ይጠፋል።»

«ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። እስቲ አንቺ ስለዚያ ፓነል ንገሪኝ። ሰው የሆነ ነገር ሊጨምርበት ቢፈልግ ምን ያደርጋል?»

ልጅቷ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀና አለች። «አጎቴ ሕግ አለው። አዲስ ነገር መጀመሪያ በራስሽ ማሽን ላይ ሞክሪ፤ ያልሞከርሽውን በሰው ማሽን ላይ አትጫኚ ይላል። አንድ ጊዜ ሳልሞክር ጭኜ የደንበኛ ስክሪን ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ሳምንት አኮረፈኝ።»

«ከሞከሩት በኋላ ቢያጠፉትስ?»

«አይጠፋም እኮ» አለች። ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ። «ኤክስቴንሽኑ ሲነቀል የሚሄደው ፕሮግራሙ ነው፤ ልማዱ ማሽኑ ላይ ይቀራል። መልሰው ሲጭኑት የት እንደነበረ፣ ቀለሙ ምን እንደነበረ ያስታውሳል። አጎቴ እንደ አማት ነው ይላል፤ ትሄዳለች እንጂ አትረሳም።»

ቁንጫው ከግድግዳ ግድግዳ መመላለሱን አቁሞ አያት።

«ጋሼ፣ ነገ ፍርድ ቤት ምን ልበል?»

አትሄጂም ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። የማያውቀውን ነገር ቃል መግባት ግን አልወደደም። «ዛሬ ገና አላለቀም» ብሏት ወጣ።

ሱቁ ሲደርስ መኪናውን ወደኋላ ነድቶ ጭስ ማውጫውን ከሟቹ ክፍል መስኮት ሥር አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። ጭሱ በመስኮቱ ክፍተት እየተግተለተለ ክፍሉን ሞላው። ዓይኑ አለቀሰ፣ ጉሮሮው ተቃጠለ። ፓነሉ ግን አረንጓዴ ነው። አየሩ ደህና ነው ይላል።

ሳሉን እየዋጠ የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ከፈተ። ጠጋኙ የጻፈው፣ ከሴንሰሯ ጋር የሚነጋገረው ኤክስቴንሽን ጠፍቷል። ከእሱ በታች ሌላ በርቷል፤ ሥራው አንድ ብቻ ነው፣ የጻፉለትን ቃል በመረጡለት ቀለም ፓነሉ ላይ ማሳየት። ቁንጫው እውነተኛውን አበራው። ፓነሉ በቅጽበት ደም መሰለ። ቁንጫው ሮጦ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋና ግድግዳውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በሱቁ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ሸሪኩ እጁን አጣጥፎ፣ ንድፍ አውጪዋ ጥፍሯን እየበላች፣ ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ቆመዋል። ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መሃል ናት። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

«ፎቶ አንሳ ነበር ያልኩህ» አለ አለቃው።

«አንስቻለሁ» አለ ቁንጫው፤ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረ። «ከብሎኑ ልጀምር። ብሎኑ በመሣሪያ ተፈትቷል፤ ስለዚህ ይህ ግድያ ነው። ግን ብሎን መፍታት ብቻውን ሟቹን አይገድለውም ነበር። አየሩ ሲበከል ፓነሉ ይቀላል፣ እሱም ይወጣል። ገዳዩ መጀመሪያ መግደል የነበረበት ያንን አፍንጫ ነው። ዝም ብሎ ቢያጠፋው ነጥቧ ከፓነሉ ላይ ትጠፋለች፤ ጠጋኙ ደግሞ ፓነሉ ላይ አንዲት ፀጉር ብትጎድል የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ እውነተኛዋን አጥፍቶ በቦታዋ የምትመስላትን አስቀመጠ። ውሸታም ነጥብ። ቤቱ ቢቃጠል አየሩ ደህና ነው የምትል።»

«ይህንማ ልጅቷም ትችላለች» አለ አለቃው።

«ትችላለች። ሸሪኩም፣ ንድፍ አውጪዋም፣ ወንድሙም። ክፍሉ ክፍት፣ ኮምፒውተሩ ክፍት። ልጅቷ ግን ጄኔሬተሩን ካስነሳች በኋላ ፊት ለፊት ደንበኛ ስታስተናግድ ነበር፤ ገዳይ ብትሆን ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ገብታ ውሸቷን ማጥፋት ማን ይከለክላት ነበር? አላጠፋችም። ያላጠፋው መግባት ያልቻለ ሰው ነው። ሸሪኩ ድንገት ገብቶ ሬሳውን አገኘ፣ ጥበቃ ቆመ፣ ነጥቧ እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ አስገቡኝ ብሎ የለመነ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለፎቶ።»

ወንድምየው ቀና አለ። «ወንድሜን ልቅበር ማለት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እኔም በዚህ ብቻ ሰው አልይዝም። ግን ጠጋኙ ሁላችሁንም አንድ ነገር አስተምሯችኋል። አዲስ ነገር መጀመሪያ በራስህ ማሽን ላይ።»

«እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው» አለ ሸሪኩ።

«ውሸታሟን ነጥብ የሠራውም ሰው ሕጉን አክብሯል። ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ ቦታው ልክ እስኪመጣ የትም ሳይሆን በራሱ ማሽን ላይ ነው የሞከረው። ከዚያ ነቅሎ ጣለው። ላፕቶፖቻችሁን አምጡ።»

በሸሪኩ ላፕቶፕ ጀመረ። ያንኑ የተጻፈለትን ቃል የሚያሳይ ተራ ኤክስቴንሽን ጫነ፤ ፓነሉ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ጽሑፍ እዚህ ያስገቡ»። የንድፍ አውጪዋ ላይም ጫነ። ያው ነጭ ጽሑፍ መጣ።

የወንድምየው ላፕቶፕ ላይ ጣቱ ቁልፉን ሲነካ ሁሉም ጎንበስ አሉ። ነጭ ጽሑፍ አልመጣም። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ መጣች፤ ከጎኗ «አየሩ ደህና ነው» ተጽፏል።

«እንደ አማት ነው» አለች ልጅቷ በቀስታ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንድ ሰው ነው ያደረገብኝ» አለ ወንድምየው። ድምፁ ልስላሴውን ጥሎታል። «ማሽኔን ወስዶ…»

«ከእጄ አይለይም ብለውኛል። ሚስቴ እንኳ አትነካውም ብለውኛል።»

ወንድምየው ሸሪኩን አየ፣ ንድፍ አውጪዋን አየ። ልጅቷን ማየት አልቻለም።

«የአባቴ ቤት ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ልጁ ቆሜ ለእሷ? ስንት ጊዜ ለመንኩት። ይሰማኝና ወደዚያ የተረገመ ፓነሉ ይዞራል። እያወራሁት ሰዓቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል።»

«እኔንስ?» አለች ልጅቷ። «እኔን ለምን?»

መልሱን የነገራት አለቃው ነው፤ ድምፁ ከልማዱ ዝቅ ብሎ፦ «አጎቱን የገደለ ሰው አይወርስም፣ ልጄ። ቤቱ ወደ እሱ ይመለስ ነበር።» ከዚያ ፖሊሶቹን በዓይኑ ጠቀሰ። በሁለቱ መሃል ገብቶ የወጣው ወንድምየው ነው።

ልጅቷ የሄደችው ወደ ቤቷ አልነበረም። ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ቁንጫው ተከተላትና በሕይወቱ እንዳላደረገው ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ሸሪኩ ከበሩ ሆኖ ይህን አይቶ ሊቀልድ ነበር፤ ተወው።

ልጅቷ በመጀመሪያ አጎቷ ያልጨረሰውን ሥራ ሴቭ አደረገች። ከዚያ ውሸታሟን ነጥብ አጠፋች። እውነተኛዋ ብቻዋን ቀረች፤ አረንጓዴ ናት።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች።