ፌንጣዋ የተወችው

«አታንሺው! የአባዬ ቆዳ ነው!»

ማሙሽ በአባቱ የሥራ ቱታ ላይ ተጠምጥሞ ይጮኻል። እናቱ ቱታውን ለሟች ባሏ ረዳት ልትሰጠው እያጣጠፈች ነበርና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«የምን ቆዳ ነው የሚለው ይሄ ልጅ?» አለች ወደ ትልቋ ልጇ ዞራ።

ትልቋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በያጅ የነበረው አባቷ ከቅጥነቷ የተነሣ «ሽቦ» ብሎ ሰይሟት፣ ስሙ ቤትም ትምህርት ቤትም ተለጥፎባት ቀርቷል። ሽቦ የምትገባበት ጠፋት። ነገሩ የመጣው ከእሷ ነዋ።

አባታቸው ታሞ ሆስፒታል ውስጥ ከሞተ ወር አልፎታል። ማሙሽ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታ «አባዬ የት ነው?» እያለ ሲያለቅስ የሚመልስለት አልነበረም። ታዲያ በቀደም ሽቦ ከሳይንስ ክፍል አንዲት ፌንጣ አውልቃ የጣለችውን ቆዳ በክብሪት ቀፎ ይዛለት መጣች። እግሩ፣ አንቴናው፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር ሙሉ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ሲያየው ጊዜ፣ «አየህ፣ ፌንጣዋ አልሞተችም። ቆዳዋን ትታ፣ ክንፍ አውጥታ ሄደች። አባዬም እንደዚያ ነው» አለችው። ያን ማታ ማሙሽ ሳያለቅስ ተኛ። እሷም እፎይ አለች።

«መስኮት አትዝጉ እያለ የሚያስቸግረን ለካ ለዚህ ነው?» የእናቷ ድምፅ ዝቅ አለ። «አባቴ በርሮ ይገባል ብሎ?»

ሽቦ አንገቷን ደፋች።

«በይ እንግዲህ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አውጪለት። እኔ አቅም የለኝም፣ ልጄ።»

በማግስቱ ሽቦ ለሳይንስ መምህሯ ሁሉንም ነገረችው። መምህሩ እግረ ረጅም በመሆኑ ተማሪዎቹ ከኋላው «ፌንጣው» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል።

«ይዘሽው ነይ» አላት። «ቆዳዋን ልታወልቅ የደረሰች አንዲት ዘመዴ አለች። ግን እኔ ምንም አልነግረውም። ወንድምሽ ነውና የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ሳይንስ ክፍል ውስጥ፣ ፌንጣዎቹ በሚኖሩበት በወንፊት የተሸፈነ ሣጥን ፊት ተንበረከኩ። ፌንጣዋ በሣር ዘንግ ላይ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች።

«እንዴ፣ ተገልብጣለች! ጅል ናት?» አለ ማሙሽ።

«ዝም ብለህ እያት።»

የፌንጣዋ ጀርባ ከአንገቷ ሥር በቀጭን መስመር ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ውስጥ ነጣ ያለ፣ እርጥብ፣ አዲስ ጀርባ ብቅ አለ። ገፋች፤ አረፈች፤ ደግሞ ገፋች። ራሷን ከራሷ ውስጥ አወጣች። እንደ ፀጉር የቀጠነ አንቴናዋን ከአሮጌው አንቴና ውስጥ ሳትበጥስ መዘዘችው። ከዚያ እግርን ከእግር ውስጥ! ሽቦ ይህን ስታይ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ ሆኖም ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ማን አስተማራት? ክንፎቿ መጀመሪያ የተጨማደደ ወረቀት ይመስሉ ነበር፤ ማንም ሳይነካቸው ቀስ እያሉ ተዘረጉ፣ ብርሃን አሳለፉ። በየዓመቱ የሚያየው መምህር እንኳ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀርቷል።

«አባዬም እንዲህ አደረገ» አለ ማሙሽ በሹክሹክታ። ወዲያው ዓይኑ ወደ ሣጥኑ ወለል ወረደ። እዚያ ሌላ ፌንጣ በጎኗ ተጋድማለች። «ይቺስ? ተኝታ ነው?»

መምህሩ ሽቦን አየት አድርጎ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ።

«ደክሟት ነው» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ሽቦ ግን የሣጥኑን በር ከፍታ ባዶውን ቆዳ በአንደኛው መዳፉ፣ የተጋደመችውን በሌላኛው አስቀመጠችለት።

«የትኛዋ ትከብዳለች?»

ማሙሽ እጆቹን ከፍ ዝቅ አደረገ። «ይቺ። ይቺ ውስጧ አለ።» እፍ አለባት። በጣቱ ነካ አደረጋት። «ተነሺ! እታለም፣ ለምንድን ነው የማትነሳው?»

«ሞታለች፣ ማሙሽዬ። ቆዳ ማውለቅና መሞት አንድ አይደለም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ። አባዬ እንደ ይቺኛዋ ነው። ሞቷል። ተመልሶ አይመጣም፤ በመስኮትም አይገባም።»

ማሙሽ መዳፉን አተኩሮ አየ። «አይበርዳትም?»

«አይበርዳትም።»

«አያማትም?»

«አያማትም።»

«አባዬንስ?»

«አባዬንም አያመውም።»

ያን ጊዜ ፊቱን ሆዷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሽቦ አላባበለችውም፤ አብራው አለቀሰች። መምህሩ ፌንጣዋን ከማሙሽ እጅ በቀስታ ተቀብሎ ሣር ላይ አሳረፋት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ አጋማሽ ላይ ማሙሽ እጇን ጎተተ።

«እታለም፣ ሆስፒታል እኔን አላስገቡኝም። አንቺ ግን ነበርሽ አይደል? አባዬ ምን አለ? ምን አደረገ?»

አባቷ የሞተ ቀን ያየችውን ሽቦ ለማንም፣ ለእናቷም እንኳ፣ አውርታ አታውቅም። «ቤት ስንደርስ» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ሹራቧን አውልቃ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አነጠፈችና አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ከዚያ ቀን ጠዋት ልጀምርልህ» አለችው።